የመጀመሪያ የቦውሊንግ ኳስ እንዴት ይመረጣል? ከጅማ ለሚነሳ ጀማሪ

እኛ ቤት የሳሎኑን በር ነፋስ እንዳይዘጋው የያዘው ድንጋይ አይደለም፤ የቦውሊንግ ኳስ ነው። ሰማያዊ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሦስት ቀዳዳ ያለው። እዚህ ጅማ መርካቶ ቡና የሚነግድ ጎረቤታችን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦት 6 ኪሎ ከ800 አለ። ያመጣልኝ ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ለበዓል ሲመጣ "ቦውሊንግ ጀመርክ አሉ" ብሎ የራሱን ሰጠኝ። ሻንጣው ሲከፈት እማዬ አየችውና "ይሄ ደግሞ የምን መድፍ ነው?" አለች።

በወሩ ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ ይዤው ሄድኩ። ሦስተኛው ውርወራ ላይ አውራ ጣቴ ቀዳዳው ውስጥ ተቀረቀረ። ኳሱ ወደፊት ሄደ፣ እኔም አብሬው ሄድኩ። አጠገባችን ይጫወቱ የነበሩ ልጆች መሳቅም መደንገጥም አቃታቸው። ጣቴ አብጦ ለሳምንት የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ተስኖኝ ነበር። ኳሱ ምንም አላጠፋም። ጥሩ ኳስ ነው። ችግሩ የአክስቴ ልጅ ኳስ መሆኑ ነው።

ብዙ ጀማሪ ኳስ ሲመርጥ ከቀለሙ ይጀምራል። ቀጥሎ ስሙን፣ ቀጥሎ ዋጋውን ያያል። ቀዳዳው ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት እላለሁ። መጀመሪያ የሚበሳላችሁን ሰው ፈልጉ። ከዚያ ክብደቱን፣ ከዚያ ቅርፊቱን ምረጡ። ቀለሙን ለመጨረሻ ተዉት። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ቢሳሳት በማግስቱ ተመልሶ ያስተካክላል። እኔና መሰሎቼ ግን ለመጫወት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ እንጓዛለን። የእኛ ስህተት የአውቶቡስ ትኬት ያስቆርጣል።

1. መጀመሪያ ነገር፣ ኳስ ያስፈልጋችኋል ወይ?

በዓመት ሁለቴ፣ ያውም ለሰርግ አዲስ አበባ ስትሄዱ ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ አትግዙ። የቤቱ ኳስ ይበቃችኋል። የቤት ኳስ የምለው መጫወቻ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ ለደንበኛ የሚያውሰውን ነው።

የቤት ኳስ ቀዳዳው ለሁሉም ሰው ተብሎ የተበሳ ነው። ለሁሉም የተሰፋ ኮት ደግሞ ለማንም ልክ አይመጣም። ቀዳዳው ስለሚሰፋ ኳሱ እንዳያመልጣችሁ ጭምቅ አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ። ስትጨምቁት ክንዳችሁ ይገተራል፣ የእጃችሁ አንጓ ይጠመዘዛል፣ ኳሱም ወዳላሰባችሁት ይሄዳል። ሁለት ጨዋታ ተጫውታችሁ ክንዳችሁ ዝሎ ከሆነ፣ ያዛለው መወርወሩ ሳይሆን መጨመቁ ሊሆን ይችላል። የራስ ኳስ ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ቦርሳ አንጠልጥሎ መግባቱም ደስ እንደሚል ግን አልክድም።

እኔ ጊዜው ደረሰ የምለው መች መሰላችሁ? ገና ከመግባታችሁ ያን ያለፈው ጊዜ የተጫወታችሁበትን ኳስ በመደርደሪያው ላይ ስትፈልጉ፣ ሌላ ሰው ወስዶት ስታገኙም ቅር ሲላችሁ ነው።

ስለ ጫማ አንድ ነገር ልበል። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ጫማውን ቀድሞ የሚገዛን ሰው አልቃወምም። ጥሩ የቦውሊንግ ጫማ አንዱ እግሩ ይንሸራተታል፣ ሌላው ይይዛል። በቀኝ እጅ ለሚወረውር የሚንሸራተተው የግራው ነው። የኪራዩ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፤ የስንት ሰው እግር እንደገባበት ደግሞ እናንተው አስቡት።

2. የሚበሳውን ሰው ቀድማችሁ አግኙ

አዲስ የቦውሊንግ ኳስ ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳ የለውም። ድፍን ድቡልቡል ነው። ከተገዛ በኋላ የእጃችሁ ልክ ተወስዶ በማሽን ይበሳል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የምትጫወቱበትን ቤት ሰዎች ጠይቁ፦ ኳስ የሚለካና የሚበሳ ባለሙያ ታውቃላችሁ? አዎ ካሏችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩት። የለም ካሏችሁ ወይ ቆዩ፣ ወይም ወደ ውጭ የምትሄዱበትን አጋጣሚ ጠብቁ። እኔ ሁለተኛውን ኳሴን ያስበሳሁት ለሥራ ዱባይ በሄድኩ ጊዜ ነው። ባለሙያው እጄን ሲለካ ልብስ ሰፊ ፊት የቆምኩ ያህል ነበር የተሰማኝ። ጣቴን ደጋግሞ አስገባ፣ አስወጣ፣ ዘረጋጋ፣ መልሶ ለካ።

"ልኬን በስልክ ብልክስ?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። እዚህ ጅማ በርጩማ የሚሠራ አንድ አናጺ ጋ ሄጄ ጣውላ ላይ በተለያየ መጠን ቀዳዳ አስበሳሁ። ጣቴን አንድ በአንድ እያስገባሁ ልክ የሆነውን ምልክት አደረግሁበት። አናጺው በሥራው ኮርቶ ነበር፤ እኔም ኮራሁ። በኋላ ለዱባዩ ባለሙያ ሳሳየው ፈገግ ብሎ ጠረጴዛው ጥግ አስቀመጠው። ለካስ የቀዳዳው ስፋት ከሥራው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት አለ። ቀዳዳው ወደ ውስጥ ሲገባ የሚያዘነብልበት አቅጣጫ አለ። ጣውላ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፤ ኳስ ግን ክብ ነው። ይሄን የሚያውቀው እጃችሁን በእጁ ይዞ የሚያገላብጥ ሰው ብቻ ነው። እጃችሁ ሳይሄድ የተበሳ ኳስ አትቀበሉ።

3. ክብደቱን በጀሪካን ፈትኑ

የቦውሊንግ ኳስ ክብደት የሚቆጠረው በፓውንድ ነው። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ኳሱ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በእኛ ሂሳብ 8 ፓውንድ 3.6 ኪሎ ነው። 10 ፓውንድ 4.5፣ 12 ፓውንድ 5.4፣ 14 ፓውንድ 6.35 ኪሎ ይሆናል። ደንቡ የሚፈቅደው ትልቁ 16 ፓውንድ ነው፤ 7 ኪሎ ከ260 ግራም ማለት ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ኳሶቹ ክብደታቸው ይለያያል እንጂ ግዝፈታቸው ያው ነው። ከዳር እስከ ዳር 21.6 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው። ስለዚህ በዓይን ብቻ "ይሄ ቀለል ይላል" ማለት አይቻልም።

የተለመደው ምክር የሰውነታችሁን ክብደት አንድ አሥረኛ ያዙ የሚል ነው። 60 ኪሎ ከሆናችሁ 6 ኪሎ መሆኑ ነው። እኔ ይሄን መነሻ እንጂ መድረሻ አላደርገውም። አንዱ 60 ኪሎ ሰው ቀኑን ሙሉ የቡና ጆንያ ሲያወርድና ሲጭን ይውላል። ሌላው 60 ኪሎ ሰው ቢሮ ተቀምጦ ይውላል። ትከሻቸው አንድ አይደለም።

በዚህ ፈንታ ጀሪካን አንሱ። የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን የሌለበት ቤት የለም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ፓውንድ ያህላል። 5 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ከነራሱ ክብደት ከ11 ፓውንድ ትንሽ ይበልጣል። ዘይቱ ካላለቀ ግን በዘይቱ አትፈትኑ፤ ዘይት ከውሃ ስለሚቀል 5 ሊትሩ 4.6 ኪሎ ብቻ ነው። ከተደፋ ደግሞ ከእናታችሁ ጋር ያጣላችኋል።

በ4 ሊትር ጀምሩ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ጀሪካኑን ወደ ታች አንጠልጥሉት። ክርናችሁን ሳታጥፉ፣ ትከሻችሁን ሳታነሱ፣ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ወደ ኋላና ወደ ፊት አወዛውዙት። መግፋትም መጎተትም የለም፤ ክብደቱ ራሱ ይሂድ፣ ራሱ ይመለስ። ሃያ ጊዜ አድርጉት። አምስት ደቂቃ አረፍ በሉና እንደገና ሃያ። ሌላ አምስት ደቂቃ፣ ሌላ ሃያ።

ሃያን ያመጣሁት ከጨዋታው ነው። አንድ ጨዋታ አሥር ዙር አለው። በእያንዳንዱ ዙር ፒኖቹን፣ ማለትም ከፊታችሁ የቆሙትን ጠርሙስ የሚመስሉ አሥር ዒላማዎች፣ በአንድ ውርወራ ካልጣላችሁ ሁለተኛ ትወረውራላችሁ። አሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ ወርውሮ የሚጨርሰው በእያንዳንዱ ውርወራ አሥሩንም የጣለ፣ ማለትም ሁሉንም ስትራይክ ያደረገ፣ 300 ነጥብ ያገኘ ሰው ነው። እኔና እናንተ ወደ ሃያ እንጠጋለን። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ አንድ ጨዋታ ብቻ የሚጫወት ሰው የለም፤ ሦስት እንበል። ስድሳ ውርወራ ሆነ።

ሦስተኛው ሃያ ላይ ክርናችሁ መታጠፍ ከጀመረ፣ ወይም ትከሻችሁ ወደ ጆሯችሁ ከወጣ፣ ግማሽ ሊትር አፍስሱና በሌላ ቀን ሞክሩ። ምንም ካልተሰማችሁ ግማሽ ሊትር ጨምሩ። 5 ሊትሩም ከቀለላችሁ የ10 ሊትር ጀሪካን ፈልጉ። ሳትደክሙ የጨረሳችሁበት ክብደት የእናንተ ነው።

በደንብ የተበሳ ኳስ ተመሳሳይ ክብደት ካለው የቤት ኳስ ቀሎ ይሰማል። ከላይ ያልኩት የመጨመቅ ጉዳይ ነው። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ከቤቱ ኳስ አንድ ሁለት ፓውንድ ጨምሩ ይላል። እኔ ለመጀመሪያ ኳስ ከአንድ በላይ አልጨምርም። ከባድ ኳስ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። አንድ ፒን ብቻውን ከ1.5 ኪሎ ይበልጣል፤ አሥሩ ደግሞ ተጠጋግተው ነው የቆሙት። ቀላል ኳስ ሲመታቸው ራሱ ይገፋና ይስታል፣ ከባዱ ግን ሰብሮ ያልፋል። ግን ከባዱን ኳስ ፒኑ ጋ ማድረስ ያለበት ክንዳችሁ ነው። ከተሰመረው መነሻ እስከ ፊተኛው ፒን 18.29 ሜትር አለ። በ15 ፓውንድ እየተጎተተ ከሚወረውር በ12 ፓውንድ ዘና ብሎ የሚወረውረው ይበልጣል። የአክስቴ ልጅ ኳስ 15 ነበር። የኔ አሁን 12 ነው።

ለልጅ ከሆነ የምታስቡት አታስበሱ። ጣቱ እያደገ ነው፤ ዘንድሮ ልክ የሆነው ለከርሞ ይጠበዋል።

4. ቅርፊቱ፦ ባጃጅና ጭቃ

ሻጮች ብዙ የሚያወሩት እዚህ ላይ ነው። እናንተ ሦስቱን ዓይነት ብቻ እወቁ፦ ፕላስቲክ (ፖሊስተር ይሉታል)፣ ዩሬቴን እና ሪአክቲቭ። ልዩነታቸው እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ሌኑን፣ ማለትም ኳሱ ወደ ፒኖቹ የሚሄድበትን መንገድ፣ ማወቅ አለባችሁ።

ሌኑ ደረቅ እንጨት ይመስላል እንጂ ዘይት ተቀብቷል። አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ጀምሮ 12 ሜትር ያህሉ ይቀባል፤ መሃሉ ላይ ዘይቱ ይበዛል፣ ዳር ዳሩ ላይ ይሳሳል። ወደ ፒኖቹ የቀረው ጫፍ ደረቅ ነው። አሁን ክረምት ላይ እዚህ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ ወደ ኮጪ የምትሄድ ባጃጅ አስቡ። ጭቃው ላይ መሪው ቢጠመዘዝም እሷ ቀጥ ብላ ትንሸራተታለች። ደረቅ አስፋልት ስትነካ ጎማዋ ይይዝና በድንገት ትታጠፋለች። ኳስም እንዲሁ ነው። ዘይቱ ላይ እየተሽከረከረ ይንሸራተታል። ደረቁን ሲነካ ይይዝና ይታጠፋል። ይሄን መታጠፍ ተጫዋቾቹ ሁክ ይሉታል።

ፕላስቲክ ኳስ ያለቀ ጎማ ነው። ደረቁም ላይ ብዙ አይዝም፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሪአክቲቭ አዲስ ጥርስ ያለው ጎማ ነው፤ ደረቁን እንደነካ ይነክሰዋል። ዩሬቴን በሁለቱ መካከል ነው፤ ይታጠፋል ግን በዝግታ። ሪአክቲቭ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ የባለሙያዎቹ ዋና ኳስ እሱ ሆኗል። ቅርፊቱ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ዘይት ይመጥጣል። መጥጦ ሲጠግብ ደግሞ መንከሱ ይቀንሳል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ መጥረግ፣ አልፎ አልፎም ዘይቱን ማስወጣት ይፈልጋል። ዋጋውም ይከብዳል።

የኔ ምክር አጭር ነው፤ ፕላስቲክ ግዙ። ርካሽ ነው። እንክብካቤ ብዙ አይፈልግም። ሌኑ ዛሬ ብዙ ዘይት ተቀባ፣ ነገ ትንሽ ተቀባ፣ እሱ ብዙም አይለወጥም። በወር አንዴ ለምንጫወት ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ኳሱ ከሳተ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን እናውቃለን። ደግሞ ገንዘቡ ባክኖ አይቀርም። ነገ ጎበዝ ሆናችሁ ሪአክቲቭ ብትገዙም ፕላስቲኩ ሥራ አለው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ዳር ላይ ተነጥላ የቀረች ፒን ለመጣል፣ ማለትም ለስፔር፣ ፕላስቲክ ያነሳሉ።

በዚህ የማይስማሙ አሠልጣኞች አሉ። "ጀማሪው ከመጀመሪያው መታጠፍን ይልመድ፣ ቀለል ያለ ሪአክቲቭ ይግዛ" ይላሉ። ምክንያት አላቸው። ለቀኝ እጅ ተጫዋች የስትራይኩ ቦታ በፊተኛው ፒንና በስተቀኙ ባለው በ3 ቁጥር ፒን መካከል ነው። ኳሱ እዚያ ሲገባ 6 ዲግሪ ያህል አጋድሎ ቢገባ ሁሉንም የመጣል ዕድሉ ይጨምራል። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ኳስ ያን ያህል ማጋደል አይችልም። ስለዚህ በፕላስቲክ ስትራይክ ይቀንሳል። እውነት ነው። በየሳምንቱ የምትጫወቱና አጠገባችሁ የሚያሠለጥናችሁ ካለ ስሟቸው። እኔን የመሰላችሁ ግን መጀመሪያ የቀረችዋን ፒን መምታት ልመዱ።

ኳሱ ውስጥ የተቀበረው ክብደትም የራሱ ቅርጽ አለው፤ ሻጩ ሥዕል እያሳየ ያብራራላችሁ ይሆናል። ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ አዳምጡና እለፉ። የፕላስቲክ ኳስ ውስጡ ቀላል ነው፤ እናንተን የሚያሳስብ ነገር የለበትም።

በነገራችን ላይ ድሮ ኳሱ የሚሠራው ከጠንካራ እንጨት ነበር። ብራንስዊክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1914 ሚነራላይት የሚባል የጎማ ኳስ ይዞ ሲመጣ ነው እንጨቱ እየተረሳ የሄደው። ይሄን ለአናጺው ነግሬው "እንጨት ቢሆንማ እኔ እሠራልህ ነበር" ብሎኛል። አላጋነነም።

5. ቀዳዳው ሲበሳ

ባለሙያው ፊት ስትቆሙ ከእናንተ የሚጠበቅ ነገር አለ። ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ ሂዱ። ከረጅም መንገድ እንደወረዳችሁ አትለኩ፤ እጅ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ልኩ ይለዋወጣል። ከተቻለ አንድ ጨዋታ በቤቱ ኳስ ተጫውታችሁ እጃችሁ ሞቅ ሲል ተለኩ። ግራኝ ከሆናችሁ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። የተሰበረ ወይም የሚያማችሁ ጣት ካለም ደብቃችሁ አትለፉ።

ሁለት ዓይነት አያያዝ አለ። በአንደኛው የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ይገባሉ። በሌላው ጫፋቸው ብቻ፣ እስከ መጀመሪያው አንጓ፣ ይገባል። ጫፉ ብቻ ሲገባ ኳሱን ማሽከርከር ይቀላል፤ ሁክ የሚፈልጉ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ፕላስቲክ ኳስ ላይ፣ ለጀማሪ፣ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። እጅ ሙሉ ይይዛል፣ መተማመንም ይሰጣል። አውራ ጣታቸውን ጭራሽ ሳያስገቡ በሁለት እጅ የሚወረውሩም አሉ። አውስትራሊያዊው ጄሰን ቤልሞንቴ ይሄን አወራወር በዓለም ያስታወቀ ሰው ነው። ደስ ይላል፣ ግን ዩቲዩብ አይታችሁ ወገባችሁን እንዳታጡ።

ተበስቶ ሲሰጣችሁ ወዲያው አትክፈሉ። እዚያው ፈትኑት። አውራ ጣታችሁን እስከ መጨረሻው አስገቡ። ዙሪያውን ሁሉ መንካት አለበት፣ ግን ሳይያዝ መውጣት አለበት። ለመውጣት ከታገለ ጠቧል። ላለመጣል እጥፍ ካደረጋችሁት ሰፍቷል። ከዚያ አውራ ጣታችሁ እንደገባ ሁለቱን ጣቶች በቀዳዳዎቹ ላይ ዘርጉ። እስከ ሁለተኛው አንጓ በሚያስገባው አያያዝ የአንጓው መስመር ከቀዳዳው ቅርብ ጠርዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አለፍ ማለት አለበት። አሁን ሦስቱንም አስገቡና በመዳፋችሁና በኳሱ መካከል እርሳስ አሹልኩ። ሳይላላ ሳይጨነቅ ካለፈ ጥሩ ነው። ጭራሽ ካልገባ ርቀቱ በዝቷል፣ መዳፋችሁ ተወጥሯል። ሁለት እርሳስ ከገባ ርቀቱ አንሷል፤ ይሄኛው ነው እንድትጨምቁ የሚያደርጋችሁ።

"ሲለመድ ይላላል" የሚላችሁን አትስሙ። ጫማ ይላላል፤ የቦውሊንግ ኳስ አይላላም። ቀዳዳው በትንሹ ከጠበበ ባለሙያው በብርጭቆ ወረቀት ያሰፋዋል፣ የደቂቃ ሥራ ነው። ይሉኝታ አይያዛችሁ። እኔ ሦስቴ አስመልሼዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ባለሙያው ሻይ አዘዘልኝ።

6. ከዘመድ የሚመጣ ኳስ

ለብዙዎቻችን ኳሱ የሚገባው በሻንጣ ነው። ስለዚህ ለላኪው እንዲህ በሉት፦ ፕላስቲክ፣ ክብደቱ ይህን ያህል ፓውንድ፣ ያልተበሳ። ይሄ "ያልተበሳ" የምትለዋ ቃል እንዳትረሳ። ኮሎምቢያ 300 ከሚባለው ኩባንያም ሆነ ከብራንስዊክ ለጀማሪ የሚሆን ፕላስቲክ ኳስ ያገኛል። ስቶርም የሚባለው ኩባንያ ደግሞ ሽታ ያላቸው ኳሶች ይሠራል። እኔ የቡና አገር ሰው ነኝና ሽታ በኳስ አልገዛም።

ያገለገለ ከሆነ በጥፍራችሁ ዙሪያውን ዳስሱት። ስንጥቅ ካለ፣ በተለይ በቀዳዳዎቹ መካከል፣ ተዉት። ለጣት ያልሆነ አራተኛ ቀዳዳ ያለው ኳስ ከመጣም አትገረሙ። ድሮ ክብደቱን ለማመጣጠን ይበሱት ነበር። የአሜሪካው የቦውሊንግ ማኅበር ከነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሎታል። ለጓደኛ ጨዋታ ምንም አይልም፣ ለውድድር ግን መደፈን አለበት። የተበሳ ኳስም ጨርሶ የሚጣል አይደለም። ቀዳዳው ተደፍኖ እንደገና በእናንተ ልክ ሊበሳ ይችላል። ግን ለዚያም ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ወጪም አለው። ሰማያዊው ኳሳችን በሩን ይዞ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። እማዬም አሁን አትሰጠኝም።

7. የመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ ወደ ጅማ

በመጀመሪያው ቀን ቦርሳችሁ ውስጥ ፕላስተር ያዙ። ለቦውሊንግ ተብሎ የሚሸጥ ትንንሽ ፕላስተር አለ፤ አውራ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ይለጠፋል። ጣታችሁ ሲሟሽሽ አንድ ትጨምራላችሁ፣ ሲያብጥ አንድ ትልጣላችሁ። ቀዳዳው ትንሽ ሰፋ ብሎ በፕላስተር ቢጠብ ይሻላል፤ ጠቦ ቢበሳ ግን ጨዋታ መሃል ልታሰፉት አትችሉም።

በአንድ ቀን አትፍረዱበት። የኔ የመጀመሪያ ሁለት ጨዋታዎች ከቤቱ ኳስ የባሱ ነበሩ። እጄ መጨመቅ ለምዶ ስለነበር ጨመቅሁት። አውራ ጣታችሁ ውሃ ከቋጠረ ወይ ጠቧል፣ ወይ እየጨመቃችሁ ነው። የትኛው እንደሆነ በእርሳሱ እንደገና ፈትኑ።

ስትጨርሱ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ሙቀት ላይ አትተዉት፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ የቆየ ኳስ ሊሰነጠቅ ይችላል። እኛ ደግሞ መንገዳችን በግቤ በረሃ ነው። ስለዚህ ከአውቶቡሱ ሆድ ውስጥ አታስገቡት፤ ይዛችሁት ግቡ። ከላይ ያለው ዕቃ መስቀያ ላይም አይሆንም፣ 5 ኪሎ ከ400 ሰው ራስ ላይ ይወድቃል። በጋቢ ጠቅልላችሁ በእግራችሁ መሃል ያዙት። የግቤ ቁልቁለት መታጠፊያዎች ላይ በሁለት እግራችሁ ቆንጥጡት፤ አንዴ ካመለጠ ሾፌሩ ጋ ነው የሚቆመው።

ረዳቱ "ምንድነው የያዝከው?" ካለኝ "ሐብሐብ ነው" ብዬ አልፈው ነበር። ወልቂጤ ላይ አንድ ቀን፣ ምሳ በልተን ስንመለስ፣ ሊያቀብለኝ ብሎ አነሳው።